የወቀራ በሶ

የድሮ ሰፈሬ የእድር ጥሩምባ አሁን እስከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ድረስ አይሰማም። ስለዚህ የእትዬ አስካለን ማረፍ በስልክ የነገረችኝ የእድራችን ጸሐፊ ናት። «የወፍጮ ቤቷ አረፉ» አለችና ጠበቀችኝ። እንዳለቅስ ይሁን እንድደነግጥ አላውቅም። «ነፍስ ይማር። ቀብሩ መቼ ነው?» አልኳት።

ቀበና ስደርስ ድንኳኑ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተተክሏል። ወፍጮው ቆሟል። እኔ የዚያን ወፍጮ ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ጸጥ ሲል ሰፈሩ ሰፈሬ አልመስል አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ የሥጋ ዘመዶች ፍራሹ ላይ፣ ጎረቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። በር ላይ ሰው የምታስተናግድ አንዲት የማላውቃት ልጅ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አለችኝ። ወዴት እንደምታስቀምጠኝ ለማወቅ ነው፤ ክፋት የለባትም። «የእድር ሰው ነኝ» አልኩና ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጥሁ። ያን ጥያቄ ግን ቤቴ ድረስ ይዤው ተመለስሁ።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ብቻ ማንሳት የተለመደ ነው። እኔ ለዚህ ልማድ አልመችም። እትዬ አስካለን የማልረሳቸው ደግ ስለነበሩ አይደለም። እዚህ ላይ አንቱ እያልሁ የምጽፈውም እናቴ እንዲያ ስላሳደገችኝ ነው እንጂ ከልቤ አይደለም። ቢያንስ ለብዙ ዘመን ከልቤ አልነበረም።

ወፍጮ ቤቱ ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ድሮ በናፍጣ ይሠራ ነበር፤ ኋላ በመብራት ሆነ። እትዬ አስካለ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። በሩ ላይ አንድ ያለቀ የወፍጮ ድንጋይ አለ፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከአባታቸው የውሃ ወፍጮ የመጣ ነው። ነጠላቸውን አጣጥፈው እሱ ላይ ይቀመጣሉ። ገና ወጣት ሳሉም ቅንድባቸው በዱቄት የነጣ ነበር። ዱቄቱ ልሞ እንደሆነ ለማወቅ ቆንጠር አድርገው ከታችኛው ከንፈራቸው ሥር ያደርጉትና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወይ «መልሰው» ይላሉ። መልሰው ካሉ ማንም አይከራከራቸውም።

ምላሳቸው ከድንጋዩ ይብስ ነበር። አንዷ ዱቄቱ አልላመልኝም ብላ ብትነጫነጭ፣ «ታዲያ ጥርስሽን ለጌጥ ነው የያዝሽው?» አሏት። አንድ ሹም ሾፌሩን ልኮ ያለ ተራው ሊያስፈጭ ሲሞክር ጆንያውን አንስተው ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጡትና፣ «ለጌታህ ንገረው፤ ወፍጮው ማንበብ አይችልም፣ ማዕረጉን ከየት ያውቀዋል?» አሉት። ሰፈሩ ስንት ጊዜ እያነሳ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጎበዝ መሆናቸውን ክጄ አላውቅም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ዘር ቆጠራቸው ነበር። አዲስ ሰው እህል ጭኖ ሲመጣ ገና ከአህያው ሳያወርድ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። የአባቱን ስም ይናገራል። «የአባትህስ አባት?» ይናገራል። ቀጥለው የሚጠይቁት ወንዙን ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያለ ሰው የሚታወቀው በወፍጮው ነበር። በየወንዙ ዳር የውሃ ወፍጮ ያላቸው ቤተሰቦች ነበሩ፤ ወፍጮ የሌለው ደግሞ ወፍጮ ላለው ዘመድ ነው። እትዬ አስካለ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ፣ ጣታቸውን አየር ላይ እየሳቡ፣ ከወንዝ ወንዝ ይሻገሩና የሰውየውን አያት ወፍጮ ያገኙታል። «አንተማ ቦዩ ሁልጊዜ የሚደረመሰው የእነዚያ ነህ!» ይሉታል። ሰውየው ዱቄት ሊያስፈጭ መጥቶ አክስትና ያጎት ልጅ አግኝቶ ይሄዳል። የሚሳሳቱበትም ጊዜ ነበር። አንዱን የማያውቀው ሰው ዘመድ አድርገውት ለሠርግ አስጠሩት። እሱም ምን ገዶት፣ ሄዶ በልቶ ጠጥቶ ተመለሰ።

እኔን ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። መንገደኛው፣ ባለ አህያው፣ ተማሪው ሁሉ ሲጠየቅ እኔ እህሌን ሰጥቼ፣ ዱቄቴን ተቀብዬ እወጣለሁ። ልጅ ሆኜ ይህ ከስድብ ይልቅ ያመኝ ነበር፤ ምክንያቱም መልሱን አውቀዋለሁ።

እናቴ ከጎጃም በልጅነቷ የመጣች፣ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የሌላት ሴት ነበረች። ቀበና ወንዝ ላይ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። አባቴ ታደሰ ጉርሜሳ ይባላል። የእትዬ አስካለ ታናሽ ወንድም ነው። ሽማግሌ ልኮ ሊያገባት ሲዘጋጅ ታሞ ሞተ፤ እኔ ያኔ በሆዷ ነበርሁ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ሌላ ምስክር የለኝም። ትምህርት ቤት ስታስገባኝ በራሷ አባት ስም አስመዘገበችኝ፤ እስከ ዛሬ የምጠራው በዚያ ነው። «ልጃችን ናት ካሉሽ እሰየው። እኔ ግን ደጃቸው ሄጄ ልጅ ተቀበሉኝ ብዬ አልለምንም» ትለኝ ነበር። ስለዚህ እኔ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እትዬ አስካለ አንድ ቀን፣ በሰው ፊት፣ «ይቺ የወንድሜ ልጅ ናት» እንዲሉ። መሬት አልተመኘሁም፤ ወፍጮም አልተመኘሁም።

አንድ ጊዜ ራሴ ሞከርሁት። ሦስተኛ ክፍል ብሆን ነው። አንድ ከሩቅ የመጡ ሽማግሌ ሲጠየቁ ሰምቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «እኔም የታደሰ ጉርሜሳ ልጅ ነኝ» አልሁ፤ ጮክ ብዬ። እትዬ አስካለ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ለሠራተኛው፣ «ልቀቀው!» አሉት። ወፍጮው ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ ምን ብናገር የሚሰማኝ አልነበረም። እህሌን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጨመሩልኝ። ያለ ተራዬ ነበር። ያኔ ቶሎ ሊያባርሩኝ መሰለኝ።

አሁን ስለ በሶው ልናገር። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ውሎ ሲያድር ፊቱ ይለሰልሳል። ሲለሰልስ ወቃሪ ይጠራና ላይኛው ድንጋይ ይነሳል፤ ወቃሪው በመውቀሪያው እየጠረበ መልሶ ያሻክረዋል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት የድንጋይ ፍርፋሪ ስላለበት ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ለደንበኛ አይሰጥም። ሌላው ወፍጮ ቤት ጠርጎ ይጥለዋል፤ ወይም ለዶሮ ያደርገዋል።

እትዬ አስካለ ግን ያንን የመጀመሪያውን ለእናቴ ያመጡላት ነበር። ወፍጮው በተወቀረ ቁጥር፣ ሰው ሳይልኩ፣ ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ። የተቆላ ገብስ በሶ ነው፤ ጠርዙ በተላላጠ ሰማያዊ ሳህን። ደጃችን ላይ ይቆማሉ። ግቡ ቢባሉ አይገቡም። «እንኩ» ይላሉ፤ እናቴ እስክትገለብጠው ይጠብቁና ሳህናቸውን ይዘው ይመለሳሉ። የመጀመሪያውን ቀን እናቴ ደስ ብሏት በጨው ለወሰችውና ጭብጦ አድርጋ አጎረሰችኝ። ጥርሴ ላይ ሲንቀጫቀጭ ተፋሁት። እሷም ቀመሰችው። የሰው አንሶላ አንጽታ የምትመልስ፣ በቤቷ ትቢያ የማታሳድር ሴት ናት። ሳህኑ የመጣበትን በር ትኩር ብላ አየችና፣ «ለማኝ አደረገችን» አለች። ከዚያ ወዲያ እትዬ አስካለ ዞር ሲሉላት ለዶሮዎቿ ትበትነው ነበር። እንቢ ብላ ግን አልመለሰችም። ደጇ የቆመን ሰው እጅ መመለስ አልለመደችም።

ካደግሁ በኋላ አንድ ልጅ ሽማግሌ ላከብኝ። ስሙን አልጽፍም፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት። ወገኖቹ ከእንጦጦ ጀርባ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡ፤ ትንሽ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ በዕድሜ የገፉት ጉሮሯቸውን ጠረጉና እናቴን፣ «የወቀራ በሶ የምትበሉት ከማን ወፍጮ ነው?» አሏት። እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። እትዬ አስካለ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብለው ያወሩባት መሰላት። «እኛ ለዶሮ የሚጣል ነገር አንበላም» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተነስተው በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ። እዚያ የተባሉትን ቆይቼ ነው የሰማሁት። እትዬ አስካለ፣ «ራሳቸው ከነገሯችሁ እኔ ምን እጨምራለሁ?» ብለው ሸኟቸው። ሽማግሌዎቹ ወደ እኛ አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዬ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። ሠራሁ፤ ጡረታ ወጣሁ። እናቴ ስትሞት እትዬ አስካለ ቀብር መጡ፤ ጥላቸውን ይዘው ከሰው ኋላ ቆመው፣ እንባ ሳያወጡ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ወፍጮው ተወቀረና ሳህናቸውን ይዘው ደጄ መጡ። በመስኮት አየኋቸው። አልከፈትሁም። ቆመው ቆመው፣ በሶውን እንደያዙ ተመለሱ። ዳግመኛ አልመጡም። ዛሬም ደግ አደረግሁ እላለሁ። የማውቀውን ነው ያደረግሁት።

እኛ የነበርንበት የሰፈሩ ክፍል ፈርሶ እኔ ኮንዶሚኒየም ስገባ፣ ወፍጮ ቤቱ በነበረበት ቀረ። ከዚያ ቤት ሰላም የምለው ጌታሁንን ብቻ ነበር። ጌታሁን የእትዬ አስካለ አንድ ልጅ ነው፤ ከእኔ ያንሳል፣ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፣ ሰው አክባሪ ነው። ባለፈው ጥቅምት እንጦጦ ራጉኤልን ልሳለም ስወጣ መንገድ ላይ አገኘኝና በመኪናው ጫነኝ።

ከተሳለምን በኋላ፣ «እትዬ የሺ፣ ወደ ጀርባው ትንሽ ብወርድ ይከፋዎታል?» አለኝ።

«ምን አለ እዚያ?»

«የአያቴ ወፍጮ።»

አባቴ የተወለደበት ማለት ነው። አይቼው አላውቅም። «እኔ የሚያስቸኩለኝ የለም፤ እንዳሻህ» አልሁና ነጠላዬን አስተካከልሁ። እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው እንጂ ነጠላው አልተበላሸም ነበር።

መንገድ ላይ ነገሩን አጫወተኝ። ሴት ልጁ ልታገባ ነው። የሚያገባት ልጅ ወገኖችም የዚያው አገር ሰዎች ስለሆኑ ዝምድና እንዳይኖር መጣራት አለበት። «ልጄ ትስቅብኛለች። ‹ዳዲ፣ ሪሊ? በወፍጮ ነው የምታጣራው?› ትለኛለች። ግን በሌላ በምን አጣራለሁ? ሰዉ ተበትኗል፤ ወፍጮዎቹ ግን ያሉበት አሉ» አለ። ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ወንዝ ለወንዝ ሲዞር ከርሟል። አንዱ ወፍጮ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። የአንዱ ቦይ ደርቆ የከብት መንገድ ሆኗል። የአንዱን ድንጋይ ያገኘው ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ እግር ይጠረግበታል። በደረሰበት ሁሉ አሮጊት ወይም ሽማግሌ ፈልጎ፣ ወፍጮው የማን እንደነበር ጠይቆ፣ አንድ አያት ጨምሮ ይመለሳል።

«እናትህ አያውቁም እንዴ? የአገሩን ዘር ሁሉ ሲቆጥሩ?» አልሁት።

«የሰው ትቆጥራለች። የራሳችን ላይ ስትደርስ ታደሰ የሚባል ወንድም ነበረኝ ትልና ዝም ትላለች። ከዚያ ወዲያ ቢለምኗት አትናገርም።»

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁት። የባሕር ዛፉ ነፋስ ገባ።

መኪና የማይደርስበት ስንደርስ በእግር ወረድን። ወፍጮው ወንዙ ዳር ያለ ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ ሆኗል። የሚጠብቁት የእትዬ አስካለ ያጎት ልጅ ናቸው፤ አደ ጫልቱ ይሏቸዋል፣ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው፤ ወገባቸው የጎበጠ፣ ሳቅ የሚቀናቸው አሮጊት ናቸው። ጌታሁንን አገላብጠው ሳሙት። ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዳዋስ?» አሉ።

«የሰፈራችን ነባር ናቸው» አለ ጌታሁን።

የደረስነው ወቃሪው ሥራውን ጨርሶ ላይኛውን ድንጋይ ሲመልስ ነው። አደ ጫልቱ የተቆላ ገብስ ጨመሩና ውሃውን ለቀቁት። ድንጋዩ ቀስ ብሎ ዞረ፤ በሶው መውረድ ጀመረ። እሳቸው በእፍኛቸው ዘገኑና ለጌታሁን ሰጡት፤ ትንሽ ደግሞ ለራሳቸው ቃሙ። እኔም እጄን ዘረጋሁ። አልፈውኝ ወደ ጓዳ ገቡና በማር የተለወሰ በሶ በሳህን አቀረቡልኝ። የተጣራ፣ የላመ።

«ከዚያው ቢሰጡኝስ?» አልኋቸው።

«አዪ፣ ያኛው ድንጋይ አለበት።»

«ለእሱ ሰጡት እኮ።»

ሳቁ። «እሱማ የቤት ልጅ ነው። ይህን ድንጋይ ከላይ ከገደሉ ጠርቦ ያስጎተተው የአያቱ አባት ነው። የቀበናችሁም ከዚያው ገደል ነው የወረደው። ሲወቀር የሚረግፈውን የምንበላ እኛ ነን፤ ድንጋዩ የሚያልቀው በእኛ ሆድ ነው። ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ? ነውር ነው። ጥርስ ይሰብራል።»

«ለጎረቤትስ?»

«ጎረቤትማ ነገ ቀበሌ ይከሰኛል። ዘመድ ነው የማይከስ።»

«ለለማኝስ ይሰጣል?» አልሁ። ድምፄን እኔው ራሴ አላወቅሁትም።

አደ ጫልቱ ሳቃቸውን ተዉት። «ምነው ልጄ፤ ለለማኝ ድንጋይ የሚሰጥ ማን አለ? ፈጣሪን አንፈራም?»

ጌታሁን እያኘከ፣ «በዚህ ነው እኮ የሚጣራው» አለኝ። «ከአንድ ወፍጮ የወቀራ በሶ የሚበሉ አይጋቡም። ሽማግሌ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከማን ወፍጮ ትበላላችሁ ብሎ። የማንም አንበላም ያለ ዘሩ አይታወቅምና ጋብቻው ይቀራል።»

ወጥቼ ቦዩ ዳር ተቀመጥሁ። እናቴ ለሽማግሌዎቹ የመለሰችላቸውን አሰብሁ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ለዶሮ ለሚጣል ነገር ማን ገብስ ለቅሞ ይቆላል? በዚያ ሁሉ ዘመን እናቴም እኔም ይህን አስበነው አናውቅም።

ስንመለስ፣ «እናትህ የወቀራ በሶ ከቤታችሁ ውጭ ለማን ይሰጡ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

መሪውን እንደያዘ አሰበ። «ለማንም። ልጅ ሆኜ አንዳንዴ ሳህን ይዛ ስትወጣ አይ ነበር። የት ነው የምትሄጅው ብያት በኩርኩም ነው የመለሰችልኝ።»

አልነገርሁትም። መናገር ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ቀበና ሄድሁ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ካለው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ጆሯቸው ግን እንዳለ ነው።

«ማነው?»

«የሺ ነኝ።»

«የልብስ አጣቢዋ?»

«የታደሰ።»

ወፍጮው ከውስጥ ያጓራል። «ጫልቱ ዘንድ ወርዳችሁ ነበር አሉ» አሉኝ።

«ወርደን ነበር። ለጌታሁን ከወቀራው ሰጡት። ለእኔ በማር።»

«በማር!» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ለምን በአፍዎ አልነገሩንም?» አልኋቸው።

«በአፍ ሁሉም ሰው ዘመድ ነው። ስንቱ ነው እዚህ መጥቶ በአፉ ዘመዴ የሚለኝ? እኔ በእጄ አመጣሁላችሁ። ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ ሰው ሳልክ።»

«እናቴ የእናንተን ልማድ በምን ታውቀዋለች? የጎጃም ሰው ናት።»

«አትጠይቅም?»

«እርስዎስ አይናገሩም?»

«ልናገር ነበር። ሳህኔን ይዤ ስመለስ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት፤ ለዶሮዎቹ ስትበትነው። የወንድሜን ድርሻ። የአባቴን ድንጋይ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልናገር?»

«ታዲያ ማምጣቱን ለምን አልተዉትም?»

«ታደሰ ቢጠይቀኝስ? ልጄን አብልተሻታል ወይ ቢለኝስ? እኔ የእኔን አደረስሁ። የበተነችው እሷ ናት፤ ራሷ ትጠየቅ።»

«ሽማግሌዎቹ በመጡ ጊዜስ? የወንድሜ ልጅ ናት ቢሉ ምን ነበረበት?»

«እናትሽ አንበላም ብላ ልካቸዋለች። ምን ልበላቸው? ዶሮዎቿ ይበላሉ ልበል? ዶሮዎቹን ልዳርላቸው ነበር?»

ሳቄ መጣ። ከሳቅሁ ይቅር ያልኋቸው ይመስላቸዋል ብዬ ዋጥሁት። እሳቸውም የዋጡት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ። ሁለት አሮጊቶች ከንፈራችንን ነክሰን፣ አንዳችን ለአንዳችን ላለመሸነፍ ተቀመጥን።

«እኔን አንድ ቀን የማን ልጅ ነሽ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም» አልሁ በመጨረሻ።

«የማውቀውን ለምን እጠይቃለሁ?»

የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እህል የያዙት ሴቶች ውስጥ ነበሩ፤ ወፍጮው አያሰማቸውም። «እንግዲያው ለጌታሁን ይንገሩት። በሰው ፊት ይናገሩ» አልኋቸው።

«ወፍጮው ይወቀር» አሉ። እንደ ልማዳቸው ሸሹኝ ብዬ ተናድጄ ተነሳሁ፤ ደህና ዋሉ እንኳ አላልሁም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆዩም። ወፍጮው ሳይወቀር አረፉ። ድንኳኑ በር ላይ ያቺ ልጅ ምናቸው ነዎት ስትለኝ፣ እሳቸው ያልተናገሩትን እኔ ልናገርላቸው አልፈለግሁም።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጌታሁን ነው፤ ደረጃው አድክሞት ያለከልካል። በሁለት እጁ ሰማያዊውን ሳህን ይዟል።

«ግባ እንጂ» አልሁት።

«አልገባም። እናቴ ገብስ ስትቆላ ነው ያመማት። ሴቶቹ እንጨርስልሽ ቢሏት እጃቸውን መታቻቸው። ልትሞት ስትል ጠርታ ‹ወፍጮውን ስታስወቅር በዚህ ሳህን ለየሺ አድርስ። ራስህ ሂድ። ደጃፍ ላይ ቆመህ ስጥ፤ ብትበትነውም አትናገራት፤ ሳህኑን ብቻ ይዘህ ተመለስ› አለችኝ። እዚያ የነበረው ዘመድ ሁሉ ሰምቷል።»

«ሌላ ምን አሉ?»

«ሌላ ምን ትበል?» አለ። የወቀራ በሶ ለማን እንደሚሰጥ ለእሱ የሚነግረው አያስፈልግም። እንቅብ አምጥቼ ገለበጥሁት። ሳህኑን መለስሁለት። ደረጃውን ሊወርድ ከጀመረ በኋላ ቀና ብሎ፣ «የልጄ ሠርግ ላይ ከእኛ ጋር ነው የምትቀመጪው፤ እንዳትጠፊ» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ ነበር የሚለኝ።

ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች። በጣቷ ቀመስ አደረገችና ፊቷን አጨማደደች።

«ውይ እትዬ የሺ፣ ድንጋይ አለው። ታች ዶሮ ለሚያረቡት ይስጧቸው።»

«ከአክስቴ ቤት የመጣ ነው» አልኋት።

«አክስት አለዎት እንዴ?»

«አረፉ። ለአንቺ ሌላ በማር አደርግልሻለሁ። ይሄኛው አይሆንሽም።»

በሩን ዘጋሁ። ጥቂት በጨው ለውሼ ጭብጦ አደረግሁና ጎረስሁ። የቀሩኝ ጥርሶች ብዙ አይደሉም፤ ድንጋዩ በእነሱ መሃል ተንቀጫቀጨ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃን ነበር፤ ለእናቴም፣ ለእኔም። እትዬ አስካለን ይቅር አላልኋቸውም። ግን አልተፋሁትም።